የማርያማዊት መልስ

«መድኃኒቱ አእምሮዋን ቢነካው ነው እንጂ ለባል የሚሆነውን አልነካባትም» አሉ እትዬ አሰገደች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የእትዬ አሰገደች ዝቅ ያለ ድምፅ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ይሰማል፤ ስለዚህ ጓዳ ተቀምጣ ሽንኩርት የምትከትፈው ያለምወርቅ አንድም ቃል አላመለጣትም። ሳሎን የተቀመጡት ሁለት ናቸው፤ እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው አድማሴ፣ የያለምወርቅ ባል። አድማሴ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር የእህል መጋዘን አለው። ጤፍ በእጁ ዘግኖ ከየት አገር እንደመጣ የሚናገር፣ ቤቱ ሲገባ ግን «እህ» ከማለት በቀር ብዙ የማይተነፍስ ሰው ነው። አሁንም «እህ» አለ። እትዬ አሰገደች «እህ»ን እሺ ብለው ተርጉመው ቀጠሉ። «ለትምህርት እንዳልሆነች በስምንተኛ ክፍል ፈተና አየነው። ቀለም ካልያዘላት ምን ይደረጋል? ደግሞ ትንሽ ፈዘዝ ያለች ሴት ለትዳር ክፉ አይደለችም። ነገር አታመላልስ፣ ባሏን ቃል አትመልስ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

ድግሱ ዛሬ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች ከደጀን ይመጣሉ፤ የሚጠይቁት የያለምወርቅን ልጅ ማርያማዊትን ነው። ጠያቂው አንሙት ይባላል፤ ደጀን ከተማ መግቢያ ላይ የመኪና ጎማ ይጠግናል፣ ይሸጣል። ሽማግሌዎቹ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ መጥተው፣ እንደ ወጉ ቆመው ጉዳያቸውን ተናግረው፣ «እስቲ ከቤተ ዘመድ እንምከርበት» ተብለው ተመልሰዋል። ቤተ ዘመድ የተባሉት እትዬ አሰገደች ናቸው። ትናንት ከጉንደ ወይን ሁለት ዶሮ አንጠልጥለው በአውቶቡስ መጡና ማታውን ብቻቸውን ተመካክረው ጨረሱ። ማርያማዊት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሕጉ አሥራ ስምንት ይላል፤ እትዬ አሰገደች ሕግ አክባሪ ስለሆኑ ለሰው ሲናገሩ ሁለት ዓመት ይጨምሩላታል።

በዚህ ቤት የበሽታው ስም አይጠራም። «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ያ ነገር የደም ካንሰር ነበር። ማርያማዊት አንደኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ ባለፈችበት ክረምት ድዷ ይደማ፣ ትኩሳቷ አልበርድ ይል ጀመር። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ የዓባይን በረሃ ሲወርዱና ሲወጡ ኖሩ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒቱ በክንዷ ገባ፣ በኋላም በጀርባዋ በአከርካሪዋ መሐል ገባ። ፀጉሯ ረገፈ፣ በቀለ፣ ደግሞ ረገፈ። አብረዋት ከተኙት ልጆች ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ነበሩ፤ እሷ ተመለሰች። የተመለሰች ጊዜ ምስጋናው ለቤተ ዘመድ ተከፋፈለ። እትዬ አሰገደች «በጀሪካን ያመጣሁት ጠበል ነው» አሉ፤ የአድማሴ ወገን «ስለታችን ሰመረ» አለ፤ አንዱ ዘመድ ደግሞ «የላክሁት ማር ነው» ብሎ ዛሬም ድረስ ይከራከራል። ለሐኪሞቹ የተረፈ ምስጋና አልነበረም። ልጅቱ ከፍ ብላ በትምህርቷ ወደ ኋላ መቅረት ስትጀምር ግን ሐኪሞቹ ተታወሱ። ያዳናት ጠበሉ፣ ያፈዘዛት መርፌው ሆነ፤ ጀርባዋን ያስወጋቻት ደግሞ እናቷ ናት። ሒሳቡ እንዲህ ተዘግቶ፣ ኃጢአቱ በሙሉ ወደ ጓዳ ገባ።

ያለምወርቅ መድኃኒቱ ሊጎዳ እንደሚችል ሳትሰማ ቀርታ አይደለም። ሆስፒታሉን በተሰናበቱበት ቀን አንዲት ሐኪም አስቀምጣ ነግራታለች። «መድኃኒቱ ልጅሽን አትርፎልሻል። ግን ብርቱ ነው፤ ገና በሚያድግ አእምሮ ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ዛሬ ላታዪው ትችያለሽ፤ ከዓመታት በኋላ ነው። ማሰብ አያቅታትም፤ ይዘገይባታል። ያጠናችው ይጠፋባታል። ሰነፍ እንዳትሏት። ጊዜ ስጧት።» ያለምወርቅ ቃሉን ሳታጎድል ለባሏ ነገረችው። «ምን ያህል ጊዜ?» አለ አድማሴ። ሐኪሟ ልኩን አልተናገረችም ነበር። በእህል ነጋዴ ቤት ልኩ ያልታወቀ ነገር ስለማይሰፈር ወሬው በዚያው ቀረ።

እንደተባለውም ሆነ። ማርያማዊትን አንድ ነገር ብትጠይቋት ዓይን ዓይናችሁን ታያለች። ያልሰማች ይመስላችኋል፤ ሰምታለች። ትታችኋት ሌላ ወሬ ትጀምራላችሁ፣ ያም አልቆ ሦስተኛ ስትጀምሩ የመጀመሪያው መልስ ይመጣል፤ ሙሉ ሆኖ፣ ትክክል ሆኖ። ክፉው ነገር እስከዚያ ድረስ የሚጠብቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ጨውና ክብሪት እንድትገዛ ሲልኳት ክብሪት ይዛ ትመጣለች። ማባዣ ማታ አጥንታ ታድራለች፣ ጠዋት የለም። መምህር ጠይቆ እጇን እስክታወጣ ሌላ ልጅ መልሶ ተጨብጭቦለታል። ጎረቤቱ ሁሉ ሰኔ ሠላሳ በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆሞ «ስንተኛ ወጣሽ?» ይላታል። ይህ አገር ልጅን ጤናሽ እንዴት ነው ከማለቱ በፊት ስንተኛ ወጣሽ የሚል አገር ነው። ከሞት የወጣች ልጅ አርባ ሦስተኛ ወጣሁ ብትል «አይ፣ ምን ነካሽ?» ይሏታል። ምን እንደነካት ያለምወርቅ ነግራቸዋለች፤ አልሰሙም።

ያለምወርቅ ሽንኩርቱን ገፋ አደረገችና «ኮረሪማ ጎድሎኛል» ብላ ወጣች። ኮረሪማ አልጎደላትም። የሄደችው ትምህርት ቤት ነው፤ የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ተጀምሯል። ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ብሏል፣ ጭቃው ግን ጋብ አላለም፤ ጫማዋን ሁለት ጊዜ አውልቃ አራገፈች። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍልን እንድትደግምና ፈተና ላይ ትንሽ ሰዓት እንዲጨመርላት ልትለምን ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ፍሥሐ አልገቡም ነበር። ወላጆች ግድግዳው ሥር ቆመው ጠበቁ። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ሰዓት ማክበር የሥልጣኔ ምልክት ነው» ተብሎ ተጽፏል። አቶ ፍሥሐ ረፋዱ ካለፈ በኋላ መጡና ስብሰባ ላይ እንደቆዩ፣ ስብሰባውም ስለ ሰዓት አከባበር እንደነበረ ነገሯቸው። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ጉዳይ አለበት።

ቢሮው ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከኋላ በየዓመቱ አንደኛ የወጡ ልጆች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ያለምወርቅ ያ ነገርን በስሙ ጠርታ ተናገረች፤ መድኃኒቱን፣ ጀርባዋን፣ ሐኪሟ ያለቻትን። አቶ ፍሥሐ ጥሩ ሰው ስለሆኑ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«ዓይኗ ያያል?» አሉ።

«ያያል።»

«ጆሮዋ ይሰማል?»

«ይሰማል፣ ጌታዬ።»

«ችግሩ እሱ ነዋ። ለዓይነ ስውር መመሪያ አለን። መስማት ለተሳነውም አለን። ለዘገየ መመሪያ የለንም።» ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። «ሁሉም በአንድ ሰዓት ይጀምራል፣ በአንድ ሰዓት እስክሪብቶ ያስቀምጣል። ፍትሕ ማለት ይህ ነው። ለእሷ ስጨምር ለሌላው ቀነስሁ ማለት ነው።» ያለምወርቅ ከማን ላይ እንደሚቀነስ አልገባትም፤ ግን የተማረ ሰው ስለሆኑ አልጠየቀችም። ቀጥለውም እድሜዋን ጠየቁ። አሥራ ስድስት ስትላቸው ፊታቸው ፈካ አለ፤ የሴት ልጅ ዕድል ብዙ እንደሆነ፣ ዕድል ማለት ትምህርት ብቻ እንዳልሆነ፣ ደጋሚ ሲበዛ ደግሞ ወረዳው ትምህርት ቤቱን በክፉ ዓይን እንደሚያየው አስረዷት። መጨረሻ ላይ እንዳዘኑላት ለማሳየት አንድ በር ከፈቱላት። «ወላጅ የሚጎትተው ተማሪ ምን ያደርግልናል? እሷ ራሷ መጥታ መድገም እፈልጋለሁ ትበለኝ፣ ያኔ እመዘግባታለሁ። እስከ ሰኞ ነው። ብቻ ቶሎ ብላ ትናገር፣ ሰው ይበዛብኛል።»

ስትመለስ ዝናቡ ያዛት። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆማ፣ የሚያልፈውን ባጃጅ እያየች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የእትዬ አሰገደችን ሐሳብ ራሷ አሰበችው። አንሙት ክፉ ሰው ነው አልተባለም። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ አይጠጣም፣ ቤት ሠርቷል። ደጋሚ ተብላ ከታናናሾቿ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የሁሉም ልጅ መሳቂያ ከምትሆን፣ የራሷን ጎጆ ብትይዝ ምን ክፉ ነገር አለው? እናቲቱ ደክሟታል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ ከበሽታው፣ ቀጥላ ከሰው አፍ ጋር ስትታገል ኖራለች፤ አንድ ሰው መጥቶ «በቃሽ፣ ከዚህ በኋላ እኔ እይዛታለሁ» ቢላት ደስ ይላት ነበር። ይህን ስታስብ አፈረች። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አላት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተሰማትና ዝናቡ ሳያባራ ተነሥታ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ዶሮ ወጡ ደርሷል፤ እትዬ አሰገደች በያለምወርቅ ድስት፣ በያለምወርቅ ቅቤ የሠሩትን ወጥ ለራሳቸው እያመሰገኑ ነበር። ማርያማዊት ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች። ያለምወርቅ አጠገቧ ቁጭ አለችና እጇን ያዘቻት። «ልጄ፣ ዛሬ ሰዎች የሚመጡት ለምን እንደሆነ አውቀሻል። አንሙት ለሚባለው ሰው ሊጠይቁሽ ነው። ልንገርሽ፣ እኔም ምን ማለት እንዳለብኝ አላወቅሁም። ታገቢዋለሽ ወይስ አታገቢውም?» ማርያማዊት ብርጭቆውን አስቀመጠች። እናቷን አየቻት። ያለምወርቅ ይህን አተያይ ታውቀዋለች፤ ጥያቄው ገብቷል፣ ከዚህ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። ጠበቀች። እንደ ዛሬ ግን ጠብቃ አታውቅም። ውሻው ጮኸ። እትዬ አሰገደች መጋረጃውን ገልጠው «መጡ፣ ተነሺ፣ ልብስሽን ቀይሪ» አሏትና ልጅቷን ከእናቷ እጅ ወሰዷት። ነጠላዋን እያስተካከሉላት ምክራቸውን ለገሱ፤ አንገትሽን ድፊ፣ ካልጠየቁሽ አትናገሪ፣ ከጠየቁሽም አትቸኩዪ። የመጨረሻዋ ምክር እንኳ ባትሰጥ ችግር አልነበረውም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው መምሬ አምደሚካኤል፣ የይጁቤ ቄስ፣ የአንሙት ቤተሰብ የነፍስ አባት፤ ምርቃታቸው እንደ ረዘመ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ሁለተኛው አያ አገኘሁ፣ የአንሙት አጎት፣ ደጀን ላይ ከሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ጋር ሲያወራ ያረጀ፣ ለሁሉ ነገር ተረት የማያጣ ሰው። ሦስተኛው ቁጥር ለመሙላት የመጣ ይመስላል፤ ከገባ ጀምሮ ዓይኑ ከመሶቡ አልተነሣም። ማርያማዊት ማስታጠቢያ ይዛ ገባች። መጀመሪያ መምሬን አስታጠበች፣ ቀጥላ ወደ አያ አገኘሁ ዞረች። አያ አገኘሁ እጃቸውን ዘርግተው «ስምሽ ማን ይባላል፣ የኔ ልጅ?» አሉ። ማርያማዊት አየቻቸው። ውኃው ይወርዳል። እጃቸው ታጥቦ አለቀ፣ ውኃው ይወርዳል። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አሉ ቀጥለው። «ማርያማዊት» አለች። አያ አገኘሁ እጃቸውን አርገፈገፉና ወደ መምሬ ዘወር አሉ። «አዩልኝ ጨዋነት? የዛሬ ልጅ ብትሆን ይህን ጊዜ ስለ ትምህርቷ ሰባት ነገር ትለፈልፍልን ነበር። እንዴት እንደዘለለችው አዩ? አትቸኩልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።» መምሬም «ልጅ ማለት እንዲህ ነው፣ አሳዳጊዋን ይባርክ» አሉ። አሳዳጊዋን ሲባል እትዬ አሰገደች አንገታቸውን ደፉ። ያለምወርቅ ጓዳው በር ላይ ቆማ ሰማች። ትምህርት ቤት ዜሮ ያሰጣት ነገር እዚህ አንደኛ አስወጣት። ሳቅ መጣባት፤ የመጣባት ሳቅ ግን ደስ የሚል አልነበረም።

ተበላ፣ ተጠጣ። ሦስተኛው ሽማግሌ ለምን እንደመጣ አስመሰከረ። ወሬው የዶሮ ዋጋ እንዴት ጣራ እንደነካ፣ የደጀን መንገድ እንዴት እንደተበላሸ፣ ደግሞም መንገዱ መበላሸቱ ለጎማ ጠጋኝ እንዴት በረከት እንደሆነ ዞረ። አያ አገኘሁ የእህታቸውን ልጅ አመሰገኑት፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ክንዱ ብርቱ ነው፣ በጥር ሠርጉ ቢደረግ ድንኳኑን ራሱ ይተክላል። አድማሴ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ጓዳው በር ላይ የቆመችውን ሚስቱን አያት። አየችው። የማይጠያየቁት ነገር በመሐላቸው ብዙ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዱን አሁን ቢጠይቃት ትመልስለት ነበር። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና «እኔ ምን እላለሁ። ልጅቱ የእናንተው ናት» አለ። ከሠርጉ ቀን ወዲህ በአንድ ጊዜ ብዙ ቃል ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

አያ አገኘሁ ለመነሣት ሲቃረቡ መምሬ አምደሚካኤል እጃቸውን አነሡ። «ቆዩ። ልጅቱን መጠየቅ ይገባል። ቤተ ክርስቲያንም ያዛል፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ መንግሥትም ይጠይቃል፤ በኋላ አልተጠየቀችም እንዳይባል። ነይ እስቲ፣ ልጄ።» ማርያማዊት መጥታ ፊታቸው ቆመች። «የአቶ አድማሴ ልጅ፣ አንሙት ባልሽ ይሆን ዘንድ ፈቃድሽ ነው?»

አየቻቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ጣራው ላይ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ጸጥታው አንድ ጊዜ ደስ ይላል፣ ሁለተኛ ጊዜ ያሳፍራል፣ ሦስተኛ ላይ ሰው ማሳል ይጀምራል። ሳል ተጀመረ። አያ አገኘሁ ፈገግ አሉ። «በቃ፣ ይህ አይደለም እንዴ መልሱ? ሴት ልጅ ዝም ካለች እሺ አለች። ዝም አይነቅዝም።»

«ይታገሷት፣ መምሬ፣ እያሰበች ነው» አለች ያለምወርቅ ከበሩ ላይ።

«ለእሱ እኮ እኛ አስበንላታል» አሉ አያ አገኘሁ፤ ሳቁ፣ ወንዶቹም ሳቁ። እትዬ አሰገደች ያለምወርቅን በዓይናቸው ቆነጠጧት። ያለምወርቅ ጋኑ ዘንድ ሄደችና ጠላ ይዛ ተመለሰች። በቃን አሏት። አፈር ስሆን አለች። አንድ አንድ ብርጭቆ በዝግታ፣ አረፋውን እፍ እያለች፣ ደግማ እየሞላች ቀዳች። የምትቀዳው ጠላ አልነበረም፤ ለልጇ ጊዜ ነበር። የሚመጣው መልስ እሺ ይሁን እንቢ አታውቅም። እሺ ቢሆንም ግድ የለም አለች በልቧ፤ ከአፏ ወጥቶ ይሁን፣ ሌላ ሰው አይበልላት። ብርጭቆው ተጠጥቶ አለቀ። መልሱ አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ፣ አድማሴም ተነሣ፣ መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ምርቃት ጀመሩ።

መምሬ አምደሚካኤል ምርቃት የሚጀምሩት ከአዳም ነው። ያለምወርቅ በሕይወቷ ምርቃት እንዲረዝም ስትመኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «አዳምንና ሔዋንን በገነት ያጣመረ» አሉ መምሬ። አሜን ተባለ። «ኖኅን ከነሚስቱ ከማየ አይኅ ያተረፈ።» አሜን። አብርሃምና ሣራ ጋ ሲደርሱ የሦስተኛው ሽማግሌ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ርብቃን ከአባቷ ቤት ጠርተው ‹ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?› ብለው እንደጠየቋት፣ እሷም ‹እሄዳለሁ› ብላ እንደመለሰች…»

«አልሄድም፣ መምሬ» አለች ማርያማዊት።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ የተቆጣም፣ የፈራም አይመስልም። አሜን ለማለት የተከፈተ አፍ ሁሉ እንደተከፈተ ቀረ። መምሬ መስቀላቸውን አየር ላይ እንደያዙ «ምን አልሽ፣ ልጄ?» አሉ። ይህን ጊዜ ያለምወርቅ መሐል ገብታ «ይጠብቋት» አለች። ምን እንደሚሆኑ ጠፍቷቸው ጠበቁ። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎችና አንድ የእህል ነጋዴ፣ ነጠላ አጣፍተው፣ አንዲት ልጅ አስባ እስክትጨርስ ቆሙ። «አንሙትን አላገባውም» አለች ማርያማዊት መጨረሻ ላይ። «ጠይቀውኝ ስለነበረ ነው።»

«ጥያቄው አልገባትም» አሉ እትዬ አሰገደች ፈጥነው። «ይተዋት፣ መምሬ፤ ልጅ ናት፣ አታውቅም።»

«ልጅ ናት? አሥራ ስምንት ሞልቷታል አላሉም ነበር?» አሉ መምሬ።

«ሞልቷታል እንጂ። ማለቴ… አንዳንድ ጊዜ ነገር ቶሎ አይገባትም።»

አያ አገኘሁ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «እንዴት ነው ይህ ነገር? አእምሮዋ ላይ የሆነችው ነገር አለ? አልነገራችሁንም።»

እትዬ አሰገደች በዕድሜያቸው ሙሉ ቃል አጥተው አያውቁም። አሁን ግን ሁለት ቃል መጣባቸው፤ ሁለቱም አላማረም። አዎ፣ አእምሮዋ ተነክቷል ቢሉ ጋብቻው ቀረ፤ ያ ነገርም ደጀን ድረስ ሊወራ ነው። የለም፣ ደህና ናት ቢሉ ደግሞ የተናገረችው የታሰበበት ቃል ይሆናል። ወንድማቸውን አዩት፤ አድማሴ «እህ» እንኳ አላለም። ያለምወርቅን አዩዋት፤ ያለምወርቅ መሶቡን ትከድናለች። «አእምሮዋማ ደህና ነው» አሉ እትዬ አሰገደች በመጨረሻ። ከነመርፌው፣ ከነፈተናው፣ ከነአርባ ሦስተኛው፣ የማርያማዊት አእምሮ ደህና ነው ተብሎ በሽማግሌ ፊት ሲመሰከር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የመሰከሩትም እሳቸው ናቸው።

«ደህና ከሆነማ መልሷ መልስ ነው» አሉ መምሬና መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ያለ ፈቃድ አላጣምርም ብለው አንድ ቃል በግዕዝ ጨመሩ፤ ማንም አልገባውም፣ ስለዚህ ማንም አልተከራከረም። ሽማግሌዎቹ ወጡ። አያ አገኘሁ በሩ ላይ ጃንጥላቸውን እየዘረጉ ለሦስተኛው ሽማግሌ ሲናገሩ ቤት ድረስ ተሰማ። «ዝም ባለች ጊዜ እንዴት ያለች ጨዋ ነበረች» አሉ።

እትዬ አሰገደች ራሳቸውን አመማቸውና ጓዳ ገብተው ተኙ። ነገ በጠዋት ወደ ጉንደ ወይን እንደሚሄዱ፣ ዳግመኛም ለዚህ ቤት ዶሮ እንደማያመጡ ከመጋረጃው በስተኋላ ተናገሩ። ሳሎን ውስጥ ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ያለምወርቅ ልጇን ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን የማርያማዊት ፊት ገና ሥራ ላይ እንደሆነ አይታ ተወቻት። ደስ እያላት ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። «ስምንተኛን ልድገም» አለች ልጅቷ በኋላ። «እማዬ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ሰኞ ውሰጂኝ።»

ትምህርት ቤት ሄዳ እንደነበረ ያለምወርቅ ለማንም አልተናገረችም። አድማሴ ሚስቱን አያት፣ ልጁን አያት። የተሰደበ ሰው ፊት ነበረው። ኮፍያውን ከተሰቀለበት አወረደ። «ይሁን፣ ድገሚ። ደግመሽስ ብትወድቂ ምን ልትሆኚ ነው?» አላትና መልስ እንደማይጠብቅ ሰው ወደ በሩ ዞረ። ማርያማዊት ጀርባውን ማየት ጀመረች።

«ጠይቀሃታል እኮ፣ አድማሴ» አለች ያለምወርቅ። «ተቀመጥ።»

አድማሴ እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ ቆየ። መጋዘኑ ክፍት ነው፣ ገበያው ሊበተን ነው፣ ዝናቡም ጋብ ብሏል። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከልጁ ፊት ለፊት ተቀመጠ።